“ተረጋጉ” ይሉናል፤ አስደንጋጩስ ማነው?

በከተማችን ማንም መጽሐፍ ያልጻፈበት፣ ማንም አስተማሪ ያልቆመለት፣ ግን ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው አንድ ትምህርት አለ። ሆቴል ከሰው ጋር ልትገናኝ ስትሄድ በር ላይ ፖሊስ ካየህ አትደንግጥ። እርምጃህን አታፍጥን፣ አትጎተትም። ዓይኑን አትሽሽ፣ አፍጥጠህም አትየው። ስልክህን አውጥተህ አትነካካ። ጓደኛህን ከሩቅ ብታየው እጅህን አታውለብልብለት። ጥበቃው ሲፈትሽህ “እንደምን ዋልክ ወንድሜ” በለው። ወዴት ነህ ካለህ “ማኪያቶ ልጠጣ” በል። ከዚያ ግባ፣ ጥግ ያዝ፣ ጋዜጣህን ግለጥ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሰውዬው ጠረጴዛ እንዳትሄድ!

ልብ በሉ አንባቢያን! ይህ ለኪስ አውላቂ የተሰጠ ምክር አይደለም። ኪስ አውላቂማ ምን ያስደነግጠዋል? እሱ ከበር ጠባቂው ጋር ሰላምታ ከተለዋወጠ ስንት ዘመኑ! ምክሩ የሚሰጠው ለመምህሩ፣ ለጠበቃው፣ ለሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊው፣ ለጋዜጠኛው፣ ፓርቲ ላቋቁም ብሎ የፊርማ ወረቀት ይዞ ለሚንከራተተው ሰውዬ ነው። አገሩን በሚመለከት ነገር ከሁለትና ከሦስት ሰው ጋር ቡና ይዞ ሊነጋገር የሚሄድ ዜጋ፣ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን እንዲያለማምድ ይመከራል። ጉድ ነው! የቴአትር ተዋናዮች እንኳ ለልምምድ አበል ይታሰብላቸዋል።

ምክሩን የሚሰጡትን አልነቅፍም። አብዛኞቹ እስር ቤት ገብተው የወጡ፣ ወይም የገባ ወንድም ያላቸው ናቸው፤ የሚናገሩትን ያውቃሉ። የእኔ ጠብ ምክሩ እንዲያስፈልግ ካደረገው ነገር ጋር ነው። ሌላም አለ። ከምክሩ ጀርባ አንድ መርዘኛ አስተሳሰብ ተሸሽጓል፦ “ንጹህ ሰው ፖሊስ አይቶ አይደነግጥም” የሚል። ይህን የምትሰማው ከባለሥልጣን ብቻ አይደለም። ከታክሲ ተሳፋሪም፣ ከገዛ አጎትህም ትሰማዋለህ። “ምን አስደነገጠው? የሆነ ነገር ቢኖረው ነዋ!” ይባላል፤ ሰውዬው ሳይከሰስ ተፈርዶበት ያድራል።

ኧረ ተዉ እባካችሁ! በዚህ አገር ፖሊስ አይቶ መደንገጥ ማስረጃ አይሆንም፤ ከኖርነው ኑሮ የቀረብን ነው። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ በቤት ለቤት አሰሳ ስትታመስ፣ በሩ ሲንኳኳ አልጋ ሥር የተደበቀው ሕፃን ዛሬ የልጅ ልጅ የሚያይ ሰው ነው። በ1998 ከምርጫው ማግስት ብጥብጥ በኋላ በመኪና ተጭነው ደዴሳ የወረዱት ወጣቶች ዛሬ አባወራ ናቸው። በ2009 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስም አዋሽ ሰባት ገብተው “ተሃድሶ” ወስደው የተመለሱት ገና ጎልማሶች ናቸው። በ2014 አዋጅ ደግሞ ከየሠፈሩ የታፈሱት ብዛት እንዲሁ በዋዛ የሚረሳ አይደለም። ይህ ሁሉ ሰው የደንብ ልብስ ባየ ቁጥር ልቡ ዘለል ቢል የእሱ ጥፋት ነው? ልቡ የሚዘለው ስላስታወሰ ነው።

ለመሆኑ ሰው ለምን ሆቴል ይገናኛል? ሌላ ቦታ ስለሌለው ነዋ! የቀበሌ፣ የወረዳ አዳራሽ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቁልፉ የሚገኘው በካድሬው ኪስ ነው። ቢሮ ልከራይ ያለ ተቃዋሚ፣ ባለቤቱ “ወንድሜ፣ እኔ ልጆች አሉኝ” ብሎ ይሰናበተዋል። ሆቴል ግን የሻይ ዋጋ የከፈለ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ማን ከማን ጋር ተቀመጠ ተብሎ የማይጠየቅበት የጋራ ቤት ነው፤ መሆን ነበረበት ማለቴ ነው። ሆቴል ቢሮ የሌለው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት፣ ስቱዲዮ የሌለው ጋዜጠኛ ስቱዲዮ፣ አዳራሽ የሌለው ማኅበር አዳራሽ ሆኖ ያገለግላል።

“ታዲያ ለምን ቤታቸው አይገናኙም?” የሚል የዋህ አይጠፋም። ቤትማ ታየ። መጋቢት 16 ቀን 2010 ዓ.ም. እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌን ጨምሮ ከእስር በቅርቡ የተፈቱ ፖለቲከኞች፣ ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል መኖሪያ ቤት ተሰባስበው ሳለ ተይዘው ወደ ጣቢያ ተወሰዱ። መፈታታቸውን ሊያከብሩ ተሰባስበው እንደገና ታሰሩ! አሥር ቀን አልፏቸው ነው የተለቀቁት። በዋዜማው ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ምሁራንና ወጣቶች ሆቴል ተገናኝተው አዲስ ፓርቲ ስለማቋቋም በመነጋገራቸው ታሰሩ። ምክንያቱ ያው የየካቲት 2010ሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። አስቂኙ ነገር፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ያው ፓርቲ፣ አብን፣ በዚያው በባሕር ዳር በአዳራሽ፣ በጭብጨባ፣ በካሜራ ፊት ተመሠረተ። ሰማይ አልተደፋም። በመጋቢት ወንጀል የነበረው ስብሰባ በሰኔ ዜና ሆነ። ሰዎቹ አልተለወጡም፣ ዓላማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የባለጊዜው ስሜት ነው።

የባለጊዜው ስሜት ሲለወጥ ደግሞ መልሶም ይለወጣል። በ2011 “የለውጥ ዘመን ነው” ተብሎ በየአደባባዩ ሲዘመር፣ በመጋቢት ወር የባልደራሱ ምክር ቤት በራስ ሆቴል ጋዜጣዊ መግለጫ ልስጥ ሲል ፖሊስ ከለከለ። እስቲ አስቡት፣ ጋዜጣዊ መግለጫ! ካሜራ ተጠርቶ፣ ሰዓትና ቦታ ተነግሮ የሚደረግ ነገር። በድብቅ ተገናኘህ ተብሎ የሚታሰረው አንድ ወገን ነው፤ በግልጽ ልናገር ያለው ከበር የሚመለሰውም ያው ወገን ነው። ታዲያ በየትኛው በር ይግባ?

ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. በጊዮን ሆቴል የሰላምና የዕርቅ ጉባኤ ተጠራ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ሰላም! ዕርቅ! ከውጭ አገር ከመጡት ልዑካን ጥቂቶቹ ገና ቦሌ ሲወርዱ ተያዙ፤ ከነሱ መካከል አበራ የማነ አብ ለረጅም ዓመታት በእስር ቆዩ። ለዕርቅ ስብሰባ የመጣ ሰው ሆቴሉ ሳይደርስ ወህኒ ደረሰ። እኚያ ሰውዬ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተረጋግተው ነበር ወይስ ደንግጠው? ማን ጠየቀ? ማንስ ከቁም ነገር ቆጠረው?

እዚህ ላይ ነው የመረጋጋት ትምህርት ከንቱነቱ የሚጋለጠው።

የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስካይላይት ሆቴል። አንትዋን ጋሊንዶ የተባለ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ከኦነጉ ፖለቲከኛ ከበቴ ኡርጌሳ ጋር ተቀምጦ ያወያየዋል። ጋዜጠኛው አፍሪካ ኢንተለጀንስ ለተባለ ኅትመት የሚሠራ፣ የአፍሪካ ኅብረትን ጉባኤ ሊዘግብ ቪዛና ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው ነው። በቴም ቢሆን ከጫካ የወጣ አይደለም፤ በሕግ የተመዘገበ ፓርቲ ሰው ነው። ጋዜጠኛ ከፖለቲከኛ ጋር በጠራራ ፀሐይ ሆቴል ተቀምጦ መነጋገሩ በየትኛው ዓለም ነው ምስጢር የሚባለው? ሁለቱም ተያዙ። የቀረበባቸው ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ሁከት ለመፍጠር መመሣጠር የሚል ነበር። እንዴ! አንድ ብዕርና አንድ ማስታወሻ ደብተር ይህን ያህል ከተማ ካሸበረ፣ ከተማዋን ማፈር ያለባት ማን ሆና ነው?

ፈረንሳዊው ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 21 ቀን፣ ተለቀቀ። ጀርባው ኤምባሲ አለ፣ መሥሪያ ቤቱ ጮኸለት፣ የዓለም ጋዜጠኞች ጮኹለት። መልካም፤ እንኳን ተለቀቀ። የአገሩ ልጅ ግን ሌላ ሳምንት ሰነበተ፤ በዋስ ነው የወጣው። ከዚያስ? ሚያዝያ 1 ለ2 አጥቢያ፣ በዚያው ዓመት፣ በቴ በትውልድ አካባቢው በመቂ ከተማ ካረፈበት የሆቴል ክፍል ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ሲነጋ በጥይት ተገድሎ ሬሳው ከከተማው ዳር መንገድ ላይ ተገኘ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በመንግሥት በጀት የሚተዳደረው ኮሚሽን ማለት ነው፣ ፈጥኖና ከወገንተኝነት በጸዳ መንገድ ምርመራ ይካሄድ ብሎ ጠየቀ። የክልሉ መንግሥት በበኩሉ እጄ የለበትም አለ። ሰውዬው 41 ዓመቱ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ሆቴል ሁለት ጊዜ ይገኛል። አንዱ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማዋ ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ፣ በእንግዶች ፊት። ሌላው በሌሊት፣ በትንሽ ከተማ፣ በተዘጋ በር ውስጥ። የፖለቲካ አቋሙን ልትወድለትም ልትጠላበትም ትችላለህ፤ እኔም ከፓርቲው ጋር የማልስማማበት ብዙ ነገር አለኝ። ግን እስቲ ንገረኝ፤ የትኛው የፊት አያያዝ፣ የትኛው የተረጋጋ እርምጃ፣ የትኛው “እንደምን ዋልክ ወንድሜ” ነበር ያንን ሌሊት የሚያሳልፈው?

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕጉን ሰው ሁሉ ይጠራዋል፤ ማንበቡ ላይ ግን እንሰንፋለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ መብት አለው ይላል። ሥርዓት ሊወጣላቸው ይችላል ብሎ ስለ ቦታ ሲናገር የሚያነሣው ከቤት ውጭ የሚደረጉትን ስብሰባዎችና ሰልፎችን ነው፤ መንገድ እንዳይዘጋ፣ የሕዝብ እንቅስቃሴ እንዳይታወክ። ለሰልፍና ለሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3ም ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው። አሳውቁ! “አስፈቅዱ” እና “አሳውቁ” ሁለት ቃላት መሆናቸውን የፊደል ሠራዊት ይመስክር። እንኳንስ ሦስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ!

አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት፣ የግል ግንኙነት፣ ደብዳቤና ስልክ የተጠበቀ ነው ይላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው እንዲያውቅ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 21 ከትዳር ጓደኛ፣ ከዘመድ፣ ከሃይማኖት አባት፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ጋር መገናኘትን ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ለሕገ መንግሥቱ ብቻ የተፈጠረ አዲስ ነገርም አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንጂ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር በሌሊት እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። በንጉሥ ዘመን! ጋዜጠኛን በተመለከተ ደግሞ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ሠራ የተባለ ሰው ለምርመራ ተብሎ በእስር ሳይቆይ ወዲያውኑ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አዋጁን ያወጣው ይኸው መንግሥት ነው፤ እኛ አላስገደድነውም።

“ግን እኮ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር” ይሉናል። እሺ፣ በየካቲት 2016 አዋጅ ነበር፤ በሐምሌ 2015 የታወጀው ተራዝሞ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚህ አገር ከ2009 ወዲህ አዋጅ የመጣውና የሄደው ስንት ጊዜ ነው! አዋጁ ሲነሣ ልማዱ አይነሣም። ፖሊሱ “ሁለት ሆኖ መቀመጥ ያጠራጥራል” ብሎ የተማረውን አዋጁ ባለቀ ማግስት አይረሳውም። የሆቴሉ ባለቤትም አይረሳውም። እኛም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንረሳውም።

ስለ ሆቴል ባለቤቶች ካነሣን ጥቂት እንጨምር። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ቀብድ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ። በዋዜማው ምሽት ስልክ ይደወላል። ጠዋት ሄደህ ስትደርስ “ይቅርታ ጌታዬ፣ ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል”፤ “አዳራሹ እድሳት ላይ ነው”፤ “ለሠርግ ተይዞ ኖሮ ሳናውቅ ነው”። ሠርግ? በጾም? አንድ ወዳጄ እንዲህ ተብሎ በሁዳዴ ማክሰኞ ቀን የተመለሰበትን ሠርግ እስከ ዛሬ ሙሽራዋን እየፈለገ ይስቃል። ባለቤቶቹን ጨርሶ መኮነን አይቻልም፤ ፈቃዳቸው፣ ግብራቸው፣ መብራታቸው፣ ውሃቸው ሁሉ በአንድ ቢሮ እጅ ነው። የሚያሳዝነው መፍራታቸው አይደለም። ፍርሃቱን ደንበኛው ላይ አዙረው “እናንተም እኮ ነገር ትወዳላችሁ” ማለታቸው ነው። አስተናጋጁ ልጅ ደግሞ ምስኪን ነው፤ ማኪያቶ ሲያቀርብልህ ዓይኑን ወደ ጥግ ሰበር ያደርግልሃል። እዚያ ጥግ ከጠዋት ጀምሮ አንድ አምቦ ውሃ ይዞ የተቀመጠ ሲቪል ለባሽ አለ። ልጁ በዓይኑ የሚነግርህ “ጋሼ፣ ቀስ በሉ” ነው። እግዜር ይስጠው።

የኛን ወገን ሳልነካ ባልፍ ደግሞ ጋዜጣ አይሆንም፣ መዝሙር ይሆናል። ተቃዋሚ ነን የሚሉት ጎራዎች የድብቅ ፍቅር አለባቸው። ከ1960ዎቹ የተወረሰ በሽታ ነው፤ የሕዋስ፣ የኮድ ስም፣ የ“ነገርኩህ ግን አልነገርኩህም” በሽታ። ለአባሎቻቸው በግልጽ ማስረዳት የነበረባቸውን የወንበር ድልድል ሆቴል ጥግ ተሸጉጠው ይጨርሱና፣ ሲታሙ “የደህንነት ጉዳይ ነው” ይላሉ። የማን ደህንነት? ገለል ብሎ መነጋገር አንድ ነገር ነው፤ አባልን ማታለል ሌላ። ጋዜጠኛ ምንጩን ሊጠብቅ ገለል ይላል፤ ይገባዋል። የተበደለች ሠራተኛ አለቃዋ ሳያይ የማኅበሯን ጸሐፊ ልታገኝ ገለል ትላለች፤ ይገባታል። ሊቀመንበር ግን ከጉባኤው ተደብቆ ፓርቲ ሊሸጥ ገለል ሲል ያው ሲቪል ለባሹ እንኳ ሳይሻለን አይቀርም፤ እሱ ቢያንስ ያየውን ለላከው ሰው በታማኝነት ያወራል።

አሁን “ታዲያ ምን እናድርግ?” የሚለኝ አንባቢ አለ። የምትገናኘው ሰው ነገ ቀጥሮሃል፣ በር ላይ ፖሊስ አለ፣ ልብህ እየዘለለ ነው። እውነቱን ልንገርህ። መረጋጋቱ አይከፋም፤ ነገር ግን የሚጠቅምህ ፖሊሱን ለማታለል አይደለም። ራስህን አስበህ እንድትናገር ነው። የደነገጠ ሰው ያልተጠየቀውን ይናገራል፤ የደነገጠ ሰው ይሮጣል፤ በዚህ አገር የሮጠ ሰው ምን እንደሚከተለው ታውቃለህ። ስለዚህ አትሩጥ። በሩ ላይ የሚደረገው ፍተሻ፣ መኪና ሥር የሚገባው መስታወት፣ የብረት መፈተሻው ለሁሉ እንግዳ የሚደረግ ነው፤ አብሮ ተፈተሽ፣ ምንም የሚያዋርድ ነገር የለውም። መታወቂያህን ከቤት ሳትይዝ አትውጣ። ወዴት እንደምትሄድና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ለአንድ ለምታምነው ሰው ንገር፤ ለሚስትህ ብትነግራት ይበልጥ ጥሩ ነው፣ በኋላ ከፖሊሱ የባሰ መርማሪ እንዳይገጥምህ።

ውሸት ግን አትፍጠር። “ሠርግ ልሄድ ነው፣ አክስቴን ልቀበል ነው” ማለት ለጊዜው ጥሩ ይመስላል። ወዳጅህ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ሌላ ታሪክ ይናገራል፤ ሁለቱ ታሪኮች ሲጋጩ ስብሰባው ያልሆነውን ወንጀል ውሸቱ ይሆነዋል። “ሰው ላገኝ ነው” በቂ መልስ ነው። ማንን? “የግል ጉዳይ ነው።” ይህን በትህትና ማለት ይቻላል፤ ድምፅ ከፍ ማድረግም፣ ሕገ መንግሥት መዘርዘርም በር ላይ አያስፈልግም። ና ከተባልክ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ “ይዘኸኛል ወይስ መሄድ እችላለሁ?” መልሱ መሄድ ትችላለህ ከሆነ ሂድ። ይዤሃለሁ ካለ ምክንያቱን ጠይቅ፣ ስሙን ወይም መለያ ቁጥሩን በልብህ ያዝ፣ የትኛው ጣቢያ እንደሚወስዱህ በዙሪያህ ያለው ሰው እንዲሰማ አድርገህ ጠይቅ። ከዚያ ወዲያ ጠበቃ እስኪመጣ ያለ ዝምታ መብትህ ነው። አልሳሳትም ብሎ ብዙ የተናገረ ሰው ብዙ ሰው አስይዟል። ያልገባህን ወረቀት አትፈርም፤ “አንብቤ ልፈርም” ማለት ወንጀል ሆኖ አያውቅም።

ይህን ሁሉ አድርገህም ልትታሰር ትችላለህ። እሱን አልዋሽህም።

በመጨረሻ ለዚያ በር ላይ ለቆመው ፖሊስም የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ አንተ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመሃል። ደመወዝህ እዚያ ሆቴል ውስጥ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም። ውስጥ ማን ከማን ጋር ምን እንደሚያወራ አታውቅም፤ በሬዲዮ “ቁሙ” ተባልክ፣ ቆምክ። ሌባ ከያዝክ፣ ቦምብ ከፈተሽክ፣ ሰካራም ካስወጣህ እናመሰግንሃለን፤ ሆቴልም ጥበቃ ያስፈልገዋል። ግን “ያንን ሰውዬ አምጣው” ስትባል “በምን ምክንያት?” ብሎ መጠየቅ ላንተም መብት ነው። የፍርድ ቤት ወረቀቱ የታለ ማለት ግዴታህ ነው። ያዘዘህ አለቃ ነገ ሹመቱ ሲነሣ፣ እንደ ቀደሙት ሁሉ “እኔ አላዘዝኩም” ይላል፤ ያንተ እጅ ነው ካቴና ላይ የሚታየው። በ2010 ከሥልጣን የወረዱትን አይተሃል። ፍርድ ቤት ቀርበው ስንቱን ነገር “የበታቾች ስህተት” አሉት!

ለሆቴል ባለቤቶች ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው የምንጠይቀው፤ ጀግና ሁኑ አንልም። በዋዜማው ምሽት ስልክ ተደውሎ “ለእነዚያ ሰዎች አዳራሽ እንዳትሰጡ” ስትባሉ፣ “እሺ ጌታዬ፣ በደብዳቤ ያድርጉልኝ፣ ማኅተም ይኑረው” በሉ። ይኸው ነው። ደብዳቤው አይመጣም። ደዋዩ ስሙን እንኳ አይነግራችሁም። ቀብዱን ግን ለሰዎቹ መልሱላቸው፤ ለጄኔሬተር ጥገና ሦስት ጊዜ ከፍለዋል።